ጥቁሯ ሦስት ቁጥር፦ የዴል ኧርንሃርት ሕይወትና ትቶት የሄደው ስም

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ሙርስቪል በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ጥቁር አንገስ የሚባሉ የሥጋ ከብቶች የሚሰማሩበትና ዶሮ የሚረባበት ሰፊ እርሻ ነበር። የእርሻው ጌታ ማለዳ መነሣት የሚወድ፣ ትራክተርና ቡልዶዘር ላይ መውጣት የማይሰለቸው፣ ሪዛምና ቁመተ ረጅም ሰው ነው። የከብቱንና የአጥሩን ነገር ካየ በኋላ ወደ ሌላው ሥራው ያመራል። ሌላው ሥራው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መኪና እየነዱ ሌሎችን ማስፈራራት ነበር።

ይህ ሰው ዴል ኧርንሃርት ይባላል። ስቶክ ካር የሚባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር በሚመራው በናስካር ታሪክ ውስጥ ስማቸው በግንባር ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዘወትር ሥራው ስለ ማሳ፣ ስለ ከብትና ስለ ገበሬ ኑሮ መዘገብ ስለሆነ፣ ወደ ዴል ታሪክ የሳበው መጀመሪያ እርሻው እንጂ መኪናው አልነበረም። ታሪኩን እየተከተለ ሲሄድ ግን ሌላ ጥያቄ ገኖ ታየው። በአንድ ሰው ክንድና በአንድ ሰው ስም የቆመ ሀብት፣ ያ ሰው በአንድ ቀትር በኋላ ሲጠፋ ወደ ማን ይሄዳል? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ዴል ኤፕሪል 29 ቀን 1951 ካናፖሊስ በተባለች ከተማ ተወለደ። ካናፖሊስ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ፎጣና አንሶላ የሚሠራው የካነን ፋብሪካ የሠራተኞቹን መኖሪያ ቤትና የከተማይቱን መሐል ጭምር በእጁ ይዞ ነበር። በዚያ የተወለደ ልጅ ዕጣው በአብዛኛው የታወቀ ነው፤ አባቱ የገባበት የፋብሪካ በር እርሱንም ይጠብቀዋል። የዴል አባት ራልፍ ግን ከጥጡ አቧራ ወጥቶ በአቧራማው የውድድር ሜዳ እንጀራ መፈለግን የመረጠ ሰው ነበር። ከቤቱ ጓሮ ባለች ጋራዥ መኪናውን ራሱ እየፈታ፣ ራሱ እየገጠመ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ተወዳድሮ በሚያገኘው ሽልማት ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። በ1956 ስፖርትስማን በተባለው የናስካር ደረጃ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። መኪና ከተሰበረ ደመወዝ ስለማይኖር፣ ራልፍ ሁልጊዜ ፈጥኖ የሚሮጥ ሳይሆን ፈጥኖ መጨረስን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ነበር ይባላል።

ልጁ ከዚያች ጋራዥ በቀር ሌላ ትምህርት ቤት አልፈለገም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ፤ አባቱም በዚህ ክፉኛ አዘነ። ገና በ17 ዓመቱ ትዳር መሠረተ፤ ኬሪ የተባለው የበኩር ልጁም ተወለደ። ትዳሩ ብዙ አልቆየም። ከሁለተኛው ትዳሩ ኬሊ የተባለች ሴት ልጅና በአባቱ ስም የተጠራው ዴል ጁኒየር ተወለዱ። ዴል በእነዚያ ዓመታት ቀን የብየዳና የጥገና ሥራ እየሠራ ማታ ይወዳደር ነበር። የመለዋወጫ መግዣ ሲያጣ በዘጠና ቀን የሚመለስ ገንዘብ ከባንክ እየተበደረ፣ ብድሩን የሚከፍለው ካሸነፈ ብቻ ሆኖ ሜዳ ይገባል። ክረምቱ ይዘንብ እንደሆነ ሳያውቅ በብድር ዘር የሚገዛ ገበሬ የዚህን ሰው የሳምንት መጨረሻ በደንብ ይረዳዋል።

አባቱ በ1973 በ45 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። ዴል ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነበር፤ ከአባቱ ጋር የነበረው ቅሬታም ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ ነው የተለያዩት። የአባት ድንገተኛ ሞት በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ዴል በናስካር ዋና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በ1975 ነው። ሙሉ የውድድር ዘመን ለመሮጥ ዕድል ያገኘው ግን በ1979 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የምርጥ ጀማሪነትን ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት በ1980 ደግሞ የሻምፒዮንነትን ዋንጫ ወሰደ። ሁለቱን በተከታታይ ዓመታት ያገኘ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ባለቤት ቡድኑን ሲሸጡ፣ ዴል ከአዲሱ ጌታ ጋር መቆየት አልፈለገምና ወጣ። ጥቂት ከተንከራተተ በኋላ በ1984 ራሳቸው አሽከርካሪ ከነበሩት ከሪቻርድ ቻይልድረስ ቡድን ገባ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ አልወጣም። በ1986፣ በ1987፣ በ1990፣ በ1991፣ በ1993 እና በ1994 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ሰባት ጊዜ ማሸነፉ ከእርሱ በፊት ሪቻርድ ፔቲ ብቻ ከደረሰበት ደረጃ አደረሰው። በዋናው ውድድር ያገኘው ድል በአጠቃላይ 76 ነው።

ሕዝቡ ያወቀው ግን በቁጥሩ ብዛት ሳይሆን በአነዳዱ ነው። ከፊቱ ያለው መኪና መንገድ ካልለቀቀለት በኋላ መከላከያው ይነካዋል፤ የተነካው ሲንሸራተት እርሱ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ አስፈራሪው የሚል ቅጽል ወጣለት። በ1988 የጄኔራል ሞተርስ የጥገና አገልግሎት የሆነው ጉድሬንች ስፖንሰሩ ሲሆን መኪናው ከሰማያዊና ቢጫ ወደ ጥቁር ተለወጠ፤ በጎኑም ነጭ ሦስት ቁጥር ተጻፈበት። ግማሹ ተመልካች ያቺን ጥቁር መኪና በመስታወት ሲያያት ለሚደነግጠው ያዝናል፤ ግማሹ በደስታ ይጮኻል። ከሁለቱም ወገን ግን ቤቱ የሚቀር የለም፤ ሁሉም ትኬት ይገዛል።

ንግዱ የተወለደው ከዚህ ነው። በናስካር አንድ አሽከርካሪ ከሽልማት ገንዘብ ሌላ የሚያገኝባቸው በሮች አሉ። ስሙና መልኩ ያለበት ቆብ፣ ካኔቴራ፣ ከብረት የተሠራ አሻንጉሊት መኪና በተሸጠ ቁጥር ድርሻ ይደርሰዋል። ብዙዎቹ አሽከርካሪዎች ድርሻቸውን ተቀብለው ዝም ይሉ ነበር። ዴልና በ1982 ያገባቸው ሦስተኛ ባለቤቱ ወይዘሮ ቴሬሳ ግን ነገሩን ከሥሩ አዩት። እህሉን አምርቶ ለነጋዴ ከመስጠት ገበያውንም መያዝ ይሻላል እንደሚል ገበሬ፣ ስፖርትስ ኢሜጅ የተባለውን የመታሰቢያ ዕቃ ሻጭ ኩባንያ በባለቤትነት ያዙ። በ1996 ኩባንያውን አክሽን ፐርፎርማንስ ለተባለ ድርጅት በ30 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። ዘጠነኛ ክፍል ያልጨረሰው ሰው ከዕቃው ይልቅ ስሙ እንደሚሸጥ ከብዙ የተማሩ ሰዎች ቀድሞ ገብቶት ነበር።

ባልና ሚስቱ የመሠረቱት ሌላው ድርጅት ዴል ኧርንሃርት ኢንኮርፖሬትድ ይባላል። መነሻው በ1980 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በታችኛው ደረጃ ይወዳደር የነበረ አነስተኛ ቡድን ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን በሙርስቪል ታላቅ ሕንፃ ተሠራለት። ሕንፃው ከማማሩ የተነሣ የአካባቢው ሰው በታጅ ማሃል እያመሳሰለ ጋራዥ ማሃል ይለው ጀመር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ዴል ራሱ የሚነዳው የቻይልድረስን ሦስት ቁጥር መኪና ነው፤ በራሱ ድርጅት መኪኖች ላይ የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ልጁ ጁኒየር ነው። ጁኒየር በ1998 እና በ1999 በሁለተኛው ደረጃ ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2000 በስምንት ቁጥር መኪና ወደ ዋናው ውድድር ገባ። አባትየው ጡረታ ሲወጣ ሊያርፍበት የሚችለው ጥላ ተተክሎ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ድል እምቢ ብሎት ቆየ። በፍሎሪዳ የሚካሄደው ዴይቶና 500፣ 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ሜዳ 200 ዙር የሚሮጥበት፣ የናስካር ትልቁ ቀን ነው። በ1990 የመጨረሻው ዙር ላይ እየመራ ሳለ ጎማው ተቀዶበት አምስተኛ ወጣ። ሌሎች ዓመታትም በየሰበቡ አለፉ። በ1998፣ በ20ኛው ሙከራው፣ ተሳካለት። ወደ ሽልማቱ ሥፍራ በዝግታ ሲነዳ የሁሉም ቡድኖች ሠራተኞች፣ ጎማ ለዋጩም መካኒኩም፣ በረድፍ ተሰልፈው እጃቸውን ዘረጉለት። ሲያስፈራራቸው የኖሩት ሁሉ እጁን ጨበጡት። ዴል ከዚያ የሚበልጥ ቀን ያየ አይመስልም።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2001 እሑድ ነበር። ናስካር በ2.4 ቢሊዮን ዶላር የተፈራረመው አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው ዴይቶና 500 ነው፤ አገሩ ሁሉ ያያል። በመጨረሻው ዙር የሚመራው ማይክል ዋልትሪፕ ነበር፤ በዋናው ውድድር 462 ጊዜ ተሰልፎ አንድም ያላሸነፈ፣ ዴል አምኖበት ወደ ድርጅቱ ያስገባው ሰው። ሁለተኛው ጁኒየር ነው። ሦስተኛው ዴል ራሱ ነው። አስፈራሪው በዚያ ዕለት ከኋላ የሚመጡትን እየከለከለ ሁለቱን የራሱን መኪኖች የሚጠብቅ እረኛ መስሎ ነበር። በመጨረሻው መታጠፊያ መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ተነካካ፤ ወደ ላይ ዞሮም ከግንቡ ጋር ተጋጨ። ዋልትሪፕ አሸነፈ፤ ጁኒየር ሁለተኛ ወጣ። ዴል በራስ ቅሉ ሥር በደረሰ ስብራት ሞተ። 49 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በ2000 ሦስት የናስካር አሽከርካሪዎች በተመሳሳይ አደጋ ሞተዋል፤ ከእነርሱም አንዱ የ19 ዓመቱ አዳም ፔቲ ነው። ራስንና አንገትን የሚይዘው ሃንስ የተባለው መከላከያ ገበያ ላይ ነበር፤ ዴል ግን አልወደደውም። ፊት የማይሸፍን የድሮ ዓይነት የራስ ቁር ማድረጉንም አልተወም። ናስካርን ያነቃው የሦስቱ ሞት ሳይሆን የእርሱ ሞት መሆኑ ያሳዝናል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የአንገት መከላከያ ግዴታ ሆነ፤ ከ2002 ጀምሮም ግጭትን የሚያለዝብ ግንብ በየሜዳው ተተከለ። ከዴል ወዲህ በዋናው ውድድር ላይ በአደጋ የሞተ አሽከርካሪ የለም።

ወደ ንግዱ እንመለስ። ሁለት ድርጅቶች በአንድ ቀን ምሰሷቸውን አጡ፤ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። ሪቻርድ ቻይልድረስ ወዳጃቸውን ቀብረው ውድድሩን ለመተው አስበው ነበር። ሆኖም በሚቀጥለው እሑድ መኪናቸው ሜዳ ላይ ነበረች። ቀለሟ ከጥቁር ወደ ነጭ፣ ቁጥሯ ከ3 ወደ 29 ተለውጦ፣ ኬቪን ሃርቪክ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ተቀምጦባታል። ሃርቪክ በሦስተኛው ውድድሩ በአትላንታ ከሰከንድ ሺህኛዎች በማይበልጥ ልዩነት አሸነፈ። ያን ዓመት ተመልካቹ በየውድድሩ ሦስተኛ ዙር ላይ ሦስት ጣቱን ወደ ሰማይ ያነሣ ነበር፤ የቴሌቪዥን ዘጋቢዎችም ለዚያ ዙር ዝም ይላሉ። ቻይልድረስ ሦስት ቁጥርን ቆልፈው አስቀመጡት። ሐዘኑ ትኩስ በነበረበት ጊዜ ቁጥሩን ይዘው ቢቀጥሉ ኖሮ ብዙ ቆብ በሸጡ ነበር፤ ነገር ግን ወጣቱን በሙት ጥላ ሥር ያስቀምጡት ነበር። በዚህ ጸሐፊ ግምት ቡድኑን ያተረፈው ይህ ውሳኔ ነው።

የዴል ኧርንሃርት ድርጅት በበኩሉ በመጀመሪያ የወደቀ አልመሰለም። እንዲያውም አበበ። በሐዘኑ ማግስት ሳምንት ስቲቭ ፓርክ በሮኪንግሃም አሸነፈ። በጁላይ ጁኒየር አባቱ ወደ ሞተበት ወደ ዴይቶና ተመልሶ አሸነፈ። ዴይቶና 500ን ዋልትሪፕ በ2003 ደግሞ አገኘው፤ በ2004 ራሱ ጁኒየር ወሰደው። ከ2003 ጀምሮ የደጋፊዎች ምርጫ የሚሰጠው ሽልማት በየዓመቱ ለጁኒየር ሆነ፤ እስከ 2017 ድረስ ለ15 ዓመታት ከእጁ አልወጣም። አባቱን ያፈቀረ ሕዝብ ፍቅሩን ወደ ልጁ አዞረ። የስምንት ቁጥር ቀይ መኪና የድርጅቱ ዋና ገቢ ሆነች።

ችግሩ ድርጅቱ የእርሱ አለመሆኑ ነበር። ባለቤትነቱ ለሚስትየው ለወይዘሮ ቴሬሳ ተላልፏል፤ ከዴል ስም ጋር የተያያዘው የንግድ ምልክትም እንዲሁ። ለጁኒየር የእንጀራ እናቱ ናቸው። ወይዘሮዋን በባዕድነት የሚፈርጅ ካለ ይሳሳታል፤ ከመነሻው ጀምረው የገነቡት፣ የሒሳቡንና የውሉን ጎን ይዘው ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል በየሳምንቱ ነፍሱን አስይዞ ገበያውን የሚያመጣው ልጅየው ነው። በገጠር የመሬት ውርስ ክርክር ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ የይዞታ ደብተሩ በአንዱ ስም ይወጣል፤ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው ሌላው ይሆናል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው።

አለመግባባቱ በ2006 መጨረሻ ወደ ጋዜጣ ወጣ። ጁኒየር ውሉን ለማደስ የድርጅቱን 51 በመቶ ድርሻ ጠየቀ። አላገኘም። በሜይ 2007 እንደሚለቅ አስታወቀ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም አባቱ ዘመኑን ሁሉ ሲፎካከረው ወደኖረው ወደ ሄንድሪክ ቡድን መግባቱ ተነገረ። ስምንት ቁጥርን ይዞ ለመሄድ ተደራደረ፤ በንግድ ፈቃዱ ገቢ ላይ መስማማት ባለመቻሉ ቁጥሩ ከድርጅቱ ቀረ፤ እርሱም 88 ቁጥርን ወሰደ። በመኪናዋ ላይ ይታወቅ የነበረው የቢራ ስፖንሰርም ወደ ሌላ ቡድን ሄደ።

የተከተለው ውድቀት ፈጣን ነው። ድርጅቱ በ2007 ጊን ከተባለ ቡድን ጋር ተቀላቀለ፤ በ2008 መጨረሻ፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበት ወቅት፣ ከቺፕ ጋናሲ ቡድን ጋር ተዋሐደ። ለድርድር የማትቀርበው የስምንት ቁጥር መኪና በ2009 የውድድር ዘመን ገና ሳይጋመስ ስፖንሰር አጥታ ቆመች። ተቆልፎበት ዋጋ የነበረው ቁጥር፣ ሰውየው ሲሄድ ተራ አሃዝ ሆነ። የተዋሐደው ቡድን በ2010 ጄሚ ማክመሪ ዴይቶና 500ን ሲያሸንፍ ኧርንሃርት የሚለውን ስም ገና ይዞ ነበር። ለ2014 የውድድር ዘመን ግን ስሙ ከቡድኑ ላይ ተነሣ። ዴል ከሞተ 13 ዓመት ነበር።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። የበኩር ልጁ ኬሪ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ኧርንሃርት ኮሌክሽን በሚል ስያሜ የቤት ዕቃና የቤት ግንባታ ሥራ ጀመረ። ወይዘሮ ቴሬሳ ስያሜው ከዴል የንግድ ምልክት ጋር ይምታታል ብለው ተቃወሙ። የንግድ ምልክት ጉዳዮችን የሚመለከተው ቦርድ በ2016 ለኬሪ ፈረደ፤ በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔው በቂ ማብራሪያ የለውም ብሎ ወደ ቦርዱ መለሰው። ኬሪ የተከራከረው ሲወለድ ስለ ተሰጠው የአባቱ ስም ነበር። ሕግ የንግድ ስምን ከደም ስም ለይቶ ያያል፤ ለምን እንደሚለይም ይገባናል፤ ለአንድ ልጅ ግን ይህን በፍርድ ቤት መስማት ቀላል አይሆንም።

ካናፖሊስም የራሷን ድርሻ ወስዳለች። በ2002 በከተማይቱ መሐል የዴል ሐውልት ቆመ፤ ከካናፖሊስ ወደ ሙርስቪል የሚወስደው 136 ቁጥር መንገድም በዚያው ዓመት 3 ቁጥር ተባለ። በተከታዩ ዓመት፣ በ2003፣ የከተማይቱ ሕይወት የነበረው የጥጥ ፋብሪካ ተዘጋ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአንድ ቀን ሥራ አጡ። ራልፍ ኧርንሃርት ሸሽቶት የወጣው ፋብሪካ ከነልብሱ ጠፋ፤ እንግዳ የሚመጣው አሁን ሐውልቱን ለማየት ነው።

ሦስት ቁጥር በ2014 ወደ ሜዳ ተመለሰች። የነዳት የቻይልድረስ የልጅ ልጅ ኦስቲን ዲሎን ነው፤ በልጅነቱ ከዴል ጋር ፎቶግራፍ የተነሣ። በ2018፣ ዴል ባሸነፈ በ20 ዓመቱ፣ በዚያችው ቁጥር ዴይቶና 500ን ወሰደ። ጁኒየር ደግሞ በ2017 ከዋናው ውድድር ሲሰናበት ከእኅቱ ከኬሊ ጋር ወዳቋቋመው ጄአር ሞተርስፖርትስ ወደተባለው ቡድን ሙሉ ፊቱን አዞረ። ቡድኑ ለዓመታት በሁለተኛው ደረጃ ሲወዳደርና ሻምፒዮን ሲያፈራ ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በዴይቶና 500 ተሰለፈ። መኪናዋ የሦስትም የስምንትም ቁጥር አልነበረችም፤ 40 ቁጥር ነበረች። ዘጠነኛ ወጣች።